ግጥሙ ሳይሰበር እንዲደርስ፦ ለቴሌግራም የሥነ ጽሑፍ ቡድን ሥራ አሰናድቶ መላክ

አንድ ግጥም ሳይነበብ የሚመለስበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ግጥሙ ውስጥ አይደለም። ፊደሉ ተበታትኖ፣ ስንኙ ተቆርጦ ወይም የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ስለሚደርስ ነው። ይህን ማስተካከል ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ ግን ከመላካችሁ በፊት መሠራት አለበት።

ከፊደሉ እንጀምር። የድሮዎቹ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የግዕዝ ቅርጽ ያስቀመጡ ናቸው። ፎንቱ የሌለበት ስልክ ጽሑፉን የሚያሳየው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት አድርጎ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒዩተርና ስልክ ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት መለያ ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ቢሆንም በድሮው ፎንት የተጻፉ ሥራዎች ዛሬም ከየኮምፒዩተሩ ይወጣሉ። መለየቱ ቀላል ነው፦ ጥቂት መስመር ቀድታችሁ ቴሌግራም ላይ «ሴቭድ ሜሴጅስ» (ለራስ ብቻ የሚላክበት ክፍል) ውስጥ ለጥፉ። አማርኛ ሆኖ ከታየ ጤነኛ ነው። ካልታየ ፎንት በመቀያየር አይድንም፤ በመቀየሪያ ፕሮግራም ማሳለፍ፣ አጭር ከሆነ ደግሞ እንደገና መጻፍ ይሻላል። ከተቀየረ በኋላ እንደ ሏ፣ ቋ፣ ጓ ያሉትን ፊደላት አንድ በአንድ እዩ። አዲስ ሥራ የምትጀምሩ ከሆነ ስልክ ላይ በጂቦርድ፣ ኮምፒዩተር ላይ በኪማን (ሁለቱም የአማርኛ መጻፊያ ናቸው) ብትጽፉ ይህ ጣጣ አይነካችሁም።

ጽሑፉን ፎቶ አንስቶ መላክ መፍትሔ አይደለም። አርታኢው አንዲት ፊደል ሊያርም አይችልም፣ በፍለጋ አይገኝም፣ በድምፅ አንባቢ የሚጠቀሙ ዓይነ ሥውራን አንባቢዎችም ምንም አይሰሙም። ፒዲኤፍም ለማንበብ እንጂ ለማረም አይመችም።

ቀጥሎ ሥርዓተ ነጥብ። ብዙ ሰው በአራት ነጥብ ፈንታ የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ ሁለቴ ይመታል (::)፤ ሌላው የቃል መለያውን ሁለት ነጥብ ይደግማል (፡፡)። ለዓይን «።» ይመስላሉ፣ ለኮምፒዩተሩ ግን ሁለት ሁለት ምልክት ናቸው። በ«ፈልግና ተካ» መጀመሪያ «::»ን፣ ከዚያ «፡፡»ን ወደ «።» ቀይሩ። ነጠላውን «:» ከዚያ በኋላ ተመልከቱት፤ ቅደም ተከተሉን ከገለበጣችሁት ጽሑፉ ሁሉ በተደረደረ ነጥብ ይሞላል። «:» ደግሞ አንዳንዱ ነጠላ ሰረዝ፣ አንዳንዱ ሰዓት (3:30) ስለሚሆን በጅምላ አይቀየርም።

ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ። ስለ እነዚህ የሚደረገው ክርክር አያልቅም፣ እዚህም አንገባበትም። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ አንድ ቃል በአንድ ሥራ ውስጥ አንድ ዓይነት ይጻፍ። መጀመሪያው ገጽ ላይ «ዓለም»፣ ሦስተኛው ላይ «አለም» ከሆነ አንባቢ ይደናቀፋል። በብዕር ስም ላይ ግን ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። አንድ ጊዜ «ኃይሉ»፣ ሌላ ጊዜ «ሀይሉ» ብሎ የሚፈርም ሰው ሥራዎቹ በፍለጋ ሁለት ሰው ሆነው ይቀራሉ።

ግጥም ላኪዎች እዚህ ላይ ረጋ በሉ። የወል ቤት (አንዱ የአማርኛ ግጥም ምጣኔ) ስንኝ 12 ቀለም፣ ማለትም 12 የድምፅ ክፍለ ቃል ነው፣ 6 በ6 የሚከፈል። ፊደል አጉልቶ በሚያነብ ሰው ስልክ ላይ እንዲህ ያለው ስንኝ በአንድ መስመር አይገባም፤ የመጨረሻው ቃል ብቻውን ወደ ታች ይወርዳል፣ ቤት መምቻውም (የስንኙ መጨረሻ ድምፅ) ከቦታው ይናጋል። መሰበሩ ካልቀረ ራሳችሁ ስበሩት፦ ከ6ኛው ቀለም በኋላ፣ ሐረጉ በሚያልቅበት። በአንጓና በአንጓ (በስንኞች ክፍል) መካከል አንድ ባዶ መስመር ይበቃል። ስንኞችን በባዶ ቦታ እየገፉ መደርደር ግን አያዋጣም፤ ጨ ሰፊ፣ ነ ጠባብ ስለሆነ በእናንተ ስልክ ላይ የተስተካከለው በሌላው ላይ ይንጋደዳል።

ሰምና ወርቅ ያለበትን ግጥም ስትልኩ ኅብረ ቃሉን (ሁለቱን ትርጉም የያዘውን ቃል) ለአርታኢው ብቻ በተለየ መልእክት ንገሩት። ጽሕፈታችን ጥብቀትን አያሳይም፤ «ለምን» ላልቶ ጥያቄ፣ ጠብቆ ልመና ነው። ስንኙ ሁለቱንም እንዲይዝ አስባችሁ ስትጽፉ ቅን አርታኢ «?» ጨምሮበት ልመናውን ሊገድለው ይችላል። «ገና» እና «አለ»ም እንዲሁ። ለአንባቢው ግን ከግጥሙ ሥር ማብራሪያ አትጻፉ፤ የተፈታ ቅኔ ማንም አይፈታም።

ለአጭር ልቦለድ ዋናው ጉዳይ ርዝመት ነው። አንድ የቴሌግራም መልእክት 4096 ምልክት ይይዛል፤ ባዶ ቦታው ተቆጥሮ ወደ 700 የአማርኛ ቃል ማለት ነው። ከዚያ ካለፈ መተግበሪያው ራሱ ይቆርጠዋል፣ የሚቆርጠውም ታሪኩ በሚተነፍስበት ቦታ አይደለም። ትዕይንት በሚቀየርበት ላይ ቁረጡና በየክፍሉ ራስ «1/3»፣ «2/3» እያላችሁ ቁጥር ስጡ። ከሥዕል ሥር የሚገባ ጽሑፍ ደግሞ 1024 ምልክት ብቻ ነው፤ ለግጥም ይበቃ ይሆናል፣ ለልቦለድ አይሞከርም። ንግግርን በ«» ውስጥ አስገቡ፣ ተናጋሪ ሲለወጥ አዲስ መስመር ጀምሩ።

ራስጌው ላይ አራት ነገር ይኑር፦ ርዕስ፣ ዘውግ (ግጥም ወይም ልቦለድ መሆኑ)፣ የብዕር ስም፣ የተጻፈበት ዓመተ ምሕረት። ታሪኩ ሞት፣ ጥቃት ወይም ራስን ማጥፋት ካለበት በአንድ አጭር መስመር አመልክቱ። «ጀማሪ ነኝ፣ ስሕተት ካለ ይቅርታ» የሚለው መግቢያ ይቅር፤ አንባቢው ሥራውን ሳያይ ስሕተት ፍለጋ ይወጣል።

በድምፅ የምታቀርቡ ከሆነ ስልኩን ከአፋችሁ አንድ ስንዝር አርቁ፣ ፊት ለፊት ሳይሆን በጎን ያዙት፤ አለበለዚያ ጰ እና ፐ ይፈነዳሉ። ባዶ ክፍል ያስተጋባል፤ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ አካባቢያችሁ ላይ ማንጠልጠል ይረዳል። ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ አትቅዱ፣ በኋላ ማጥፋት አይቻልም። ከድምፅ መልእክት ይልቅ ኤምፒ3 ፋይል ብትልኩ ርዕስና ስም አብሮ ይሄዳል። ማጀቢያ የበገና ቅጂ ከሌላ ሰው ሥራ ላይ ቆርጦ ማስገባት ግን የባለቤቱን ፈቃድ ይጠይቃል።

ወደ መብት ከመጣን፣ በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራችሁ ጥበቃ የሚያገኘው ከፈጠራችሁት ጊዜ ጀምሮ ነው፤ ለዚህ ምዝገባ አያስፈልግም። ጥበቃው ደራሲው በሕይወት እስካለ እና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። ይኸው ሕግ ሌላውንም ይጠብቃል፦ ፎቶግራፍ ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ባለቤት አለው፣ ትርጉምም የዋናው ደራሲ ፈቃድ ያስፈልገዋል። «ከኢንተርኔት የተገኘ» ብሎ መጻፍ ፈቃድ አይሆንም። ሌላም አስቡ፤ ለውድድር ያዘጋጃችሁትን ሥራ ቡድን ውስጥ ከለቀቃችሁት «ቀድሞ ያልወጣ» የሚል ደንብ ያላቸው አዘጋጆች ላይቀበሉት ይችላሉ።

ሁሉም ሲያልቅ ለራሳችሁ «ሴቭድ ሜሴጅስ» ላኩት፣ አንድ ሌሊት አሳድሩት፣ በማግስቱ በስልክ ላይ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። ቡድን ውስጥ የለጠፋችሁትን ማረም የምትችሉት ለ48 ሰዓት ነው። ካለፈ አጥፍቶ መለጠፍ ይቀራል፣ ያን ጊዜ ከሥሩ የነበረው ምላሽ ከሥራው ይለያያል። ለአርታኢ ከላካችሁ በኋላ ስሕተት ካያችሁ ደግሞ ሙሉውን ጽሑፍ «የመጨረሻው»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» እያላችሁ አትደጋግሙ፤ የስንኙን ቁጥር፣ የነበረውንና የሚሆነውን በአንድ መስመር ጽፋችሁ ላኩ።