«ደመወዝ በስምምነት» ከሚል ቀጣሪ ጋር እንዴት ትስማማላችሁ?

ኮምቦልቻ ፋብሪካ በር ላይም ሆነ ደሴ ፒያሳ የሚለጠፉ የሥራ ማስታወቂያዎች ብዙ ጊዜ መጨረሻቸው አንድ ነው፦ «ደመወዝ በስምምነት»። ስምምነት ግን የለም። ቀጣሪው አንድ ቁጥር ይጠራል፣ ሥራ ፈላጊው አንገቱን ደፍቶ «እሺ፣ ችግር የለም» ይላል፣ አለቀ። ወር ሲደርስ የገባው ብር ከተባለው ያንስና ግራ ይገባዋል። ፔሮል ላይ፣ ማለትም የሠራተኛ ደመወዝ በሚሰላበት ክፍል ስለሠራሁ ይህን በቅርብ አይቻለሁ፣ ሁልጊዜም ያናድደኛል። ስለዚህ አጥብቄ የምለው አንድ ነገር አለኝ። ድርድራችሁ በጠቅላላው ቁጥር ላይ ሳይሆን በመሠረታዊ ደመወዙ፣ ቤዚክ በሚባለው ላይ ይሁን። የተስማማችሁበትም ሥራ ሳትጀምሩ ወረቀት ላይ ይስፈር።

ፍለጋው ላይ ብዙ አልቆይም። ቴሌግራም አለ፣ ጋዜጣ አለ፣ ዘመድ አለ። ለፋብሪካ ሥራ ግን ኮምቦልቻ ወርዶ በር በር መጠየቅ አሁንም የሚያዋጣ መንገድ ነው። ጨርቃ ጨርቁ፣ ብረታ ብረቱ፣ ቢራው፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሁሉም እዚያው ነው፤ በር ላይ ተለጥፎ ኢንተርኔት ላይ የማይወጣ ማስታወቂያም ብዙ ነው። ዋናውን ዲግሪ ለማንም አታስረክቡ፤ አሳይታችሁ ኮፒውን ስጡ። «አስገባሃለሁ» ብሎ ቀድሞ ብር የሚጠይቅ ደላላ ከገጠማችሁ ጥላችሁት ሂዱ።

ኢንተርቪው ሳትገቡ እዚያ ቤት የሚሠራ ሰው ፈልጉና ሻይ ጋብዙት። «አንተ ስንት ትበላለህ?» ብላችሁ አታፋጡት፣ ይከብደዋል። «ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ስንት ነው የሚሰጡት? አበሉስ ለብቻ ነው?» በሉት። ይህን ሳታውቁ ከገባችሁ ቀጣሪው የጠራው ቁጥር ትንሽ ይሁን ትልቅ በምን ትለዩታላችሁ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ እንደሆነ የደመወዝ ወለል በቁጥር አላስቀመጠም።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ቀጣሪ የሚጠራው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ያልተጣራው ነው። ከላዩ ሁለት ነገር ይቆረጣል። አንዱ የሥራ ግብር ነው። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ያለው ላይ 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው ላይ 20፣ እስከ 10,000 ያለው ላይ 25፣ እስከ 14,000 ያለው ላይ 30፣ ከ14,000 በላይ ያለው ላይ 35 በመቶ ይቆረጣል። ሁለተኛው ጡረታ ነው፤ ከመሠረታዊ ደመወዝ 7 በመቶ ከእናንተ ይቆረጣል፣ ቀጣሪው ደግሞ 11 በመቶ ይጨምራል። 12,000 ብር መሠረታዊ ደመወዝ ቢሏችሁ ግብሩ 2,250፣ ጡረታው 840 ነው። እጃችሁ የሚገባው 8,910 ብር ነው ማለት ነው። 12 ሺህ አገኛለሁ ብሎ ቤት የተከራየ ሰው በየወሩ ከ3,000 ብር በላይ ይጎድለዋል። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «የተጣራ ነው ያልተጣራ?» ይሁን።

ሁለተኛው ጥያቄ «ከዚህ ውስጥ መሠረታዊ ደመወዙ ስንት ነው?» ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ሁለት ቦታ 12,000 ተባላችሁ እንበል። አንዱ ጋ ሙሉው ደመወዝ ነው። ሌላው ጋ 7,000 ደመወዝ፣ ቀሪው የቤትና የትራንስፖርት አበል ነው። የመጀመሪያው ወር ላይ እጃችሁ የሚገባው ሁለተኛው ጋ እንዲያውም ትንሽ ሊበልጥ ይችላል፣ የጡረታ መዋጮው ስለሚያንስ። ግን በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደመወዝ ሲባል የትራንስፖርት አበል፣ ቦነስ፣ ኮሚሽንና የመሳሰሉት አይቆጠሩም። ጡረታችሁ፣ ትርፍ ሰዓታችሁ፣ ነገ ከሥራ ብትቀነሱ የሚከፈላችሁ የስንብት ክፍያ፣ ሁሉም የሚሰላው በ7,000ዋ ነው።

ፋብሪካ ለሚገባ ሰው ደግሞ ትርፍ ሰዓት ቀላል ነገር አይደለም። ሕጉ እንዲህ ይላል፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.5 ይባዛል፣ ከማታ 4 ሰዓት እስከ ጠዋት 12 ሰዓት ያለው በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5። ብዙ ፔሮል ላይ የወር ደመወዝ ለ208 ሰዓት ይካፈላል፣ 26 ቀን በ8 ሰዓት ማለት ነው። በወር 20 ሰዓት ቀን ቀን ትርፍ ቢሠራ 12,000 ደመወዝ ላላት ሴት 1,730 ብር ገደማ ይደርሳታል። 7,000 ላላት 1,010 ብር ገደማ። አንድ ማሽን ላይ፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ ዓይነት ድካም ነው።

ሌላም አለ። «ለግብር እንዲቀልልህ ወረቀት ላይ 4,000 እንጻፍ፣ ቀሪውን በእጅ እንሰጥሃለን» የሚል ቀጣሪ አለ። አትቀበሉ። የጡረታችሁ መዋጮ በ4,000 ይቀራል፣ ክርክር ቢመጣ በእጅ የተቀበላችሁትን ማስረዳት አትችሉም፣ ነገ ሌላ ቦታ ስታመለክቱም «ግብር የተከፈለበት የሥራ ልምድ» ሲሏችሁ የምታሳዩት እሱኑ ነው።

እንዴት ነው የሚባለው? እዚህ ላይ ይሉኝታ ይይዘናል፣ በተለይ በሰው በኩል ከገባን። አጎት ወይም የሰፈር ትልቅ ሰው ተናግረውላችሁ ከሆነ «እሳቸውን አሳፍራለሁ» ብላችሁ አፋችሁን ትይዛላችሁ። ይህን ቀድማችሁ ጨርሱት። «ጋሼ፣ ስለ ደመወዙ እኔ ራሴ ብጠይቅ ቅር ይልዎታል?» በሏቸው። ቅር የሚላቸው ጥቂት ናቸው፤ እንዲያውም ብዙዎቹ ራሳቸው ይጠይቁላችኋል።

ከኃላፊው ፊት ስትቀመጡ ቁጥር ቀድማችሁ ላለመጥራት ሞክሩ። «ለዚህ የሥራ መደብ የድርጅቱ የደመወዝ ስኬል ስንት ነው?» ብላችሁ በትህትና ጠይቁ። «አንተ ስንት ትፈልጋለህ?» ብሎ ከመለሰላችሁ አንድ ቁጥር ብቻ ተናገሩ፣ ምክንያቱንም አያይዙ። «ከ10 እስከ 13 ሺህ» አትበሉ፤ ከሁለቱ የሚይዙባችሁ 10ሩን ነው። ምክንያታችሁም ከሥራው ይምጣ። ኪራይ ተወደደ፣ ጤፍ ተወደደ ማለት እውነት ቢሆንም ለቀጣሪው የሁሉም ሰው ችግር ነው። «ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፣ የቫት ሪፖርት ያለ ሰው እርዳታ አዘጋጃለሁ፣ ስለዚህ መሠረታዊ ደመወዙ 13,000 ቢሆን ብዬ ነው» ማለት ግን መልስ ያስፈልገዋል። ከዚያ ዝም በሉ። ዝምታው ሲያስጨንቃችሁ «ካልሆነ ግን በ10ም እሠራለሁ» ብላችሁ ራሳችሁ አታውርዱት። አብሽሩ፣ በአክብሮት የጠየቀን ሰው ከበር የሚመልስ ቀጣሪ ብዙ አይደለም። መልሱ ካልጣማችሁም «እስከ ነገ አስቤበት ልመልስልዎት» ማለት ነውር የለውም።

ቤዚኩ አልንቀሳቀስ ካለ ሌላ የሚጠየቅ አለ። «የሙከራ ጊዜዬን ስጨርስ ደመወዜ ይስተካከላል?» በሉ፣ ስንት እንደሚሆንም ይጻፍ። ሰርቪስ ጠይቁ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ክረምት ላይ በመሃል ያለው የሐረጎ ተራራ ጉም ሲለብስ መንገዱ እንዴት እንደሚሆን የምታውቁት ነው፣ ማታ ሺፍት ለሚወጣ ሰው ደግሞ ትራንስፖርቱ ራሱ ጭንቅ ነው። በየቀኑ ደርሶ መልስ ከኪሳችሁ የምትከፍሉትን በ26 ቀን አባዙትና ከተጣራው ላይ ቀንሱት። አንዳንዴ ደሴ ያለው አነስ ያለ ደመወዝ ይሻላል።

ውሉ ሲመጣ «ፈርም፣ እንቸኩላለን» ቢሏችሁም አንብቡት። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ከ60 የሥራ ቀንም አይበልጥም። መደበኛው ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዙ ነው። እነዚህን ውል ሊቀንሳቸው አይችልም፤ «ስምምነት ነው» ቢሏችሁም አይሠራም።

የውሉን ዘመን በደንብ እዩ። ቋሚ ለሆነ ሥራ በየስድስት ወሩ የሚታደስ ኮንትራት የሚያስፈርሙ አሉ። በሕጉ ውል ሁሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል፤ ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚቻለው አዋጁ በዘረዘራቸው ሁኔታዎች ብቻ ነው፣ ለምሳሌ ወቅታዊ ሥራ ወይም በፈቃድ ላይ ያለን ሰው መተካት። የማዕረጉንም ስም አትናቁ። አዋጁ የሥራ መሪን፣ ማለትም ድርጅቱን የማስተዳደር ሥልጣን ያለውን ሰው አይሸፍንም። «ማናጀር» አድርገናችኋል ብለው ትንሽ ብር ሲጨምሩላችሁ ሥራው በእርግጥ የመሪ ከሆነ ያ ሁሉ የትርፍ ሰዓት መብት አብሮ ሊሄድ ይችላል። ጭማሪው ይህን ያካክሳል ወይ? አስሉት።

የጽሑፍ ውል አንሰጥም ቢሏችሁስ? ያኔም ቀጣሪው በ15 ቀን ውስጥ የቅጥሩን ሁኔታ የሚገልጽ የተፈረመ ጽሑፍ የመስጠት ግዴታ አለበት። በትህትና አስታውሱት። እስከዚያው የባንክ ማስገቢያውን፣ የሰዓት ፊርማውን፣ ቴክስቱን ሁሉ በስልካችሁ ፎቶ አንሱና አስቀምጡ።

ክፍያ ከጎደለባችሁ መጀመሪያ በጽሑፍ ለድርጅቱ አመልክቱ፣ ኮፒ ያዙ። ካልሆነ የከተማችሁ ሥራና ስልጠና መምሪያ አለ፣ ፍርድ ቤትም አለ። ብቻ አትቆዩ። ያልተከፈለ ደመወዝና ትርፍ ሰዓት በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል፣ ማለትም ጊዜው አልፎበታል ተብሎ ይቀራል። ያላግባብ ተባርሬያለሁ፣ ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ሰው ደግሞ ያለው 3 ወር ብቻ ነው። በራሳችሁ ስትለቁም የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጡ፤ የሥራ ልምድ ማስረጃውን ስትቀበሉ የሥራ መደቡ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራችሁና ደመወዙ በትክክል መጻፉን እዚያው ቆማችሁ አረጋግጡ።