ስንጥቁ ከየት መጣ? ማንስ ይጠግነው?

ጎንደር፣ አዘዞ ያለው የወላጆቼ ቤት በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተለስኗል። ያው ግድግዳ፣ ያው ጥግ። መጀመሪያ የመጣው ኮንትራክተር ስንጥቁን በጣቱ ነካ ነካ አደረገና «ይቺ ምን አላት፣ በአንድ ቀን እደፍናታለሁ» አለ። አልዋሸም፣ በአንድ ቀን ደፈናት። የፋሲካ ዶሮ ስንገዛ ተመልሳ ተከፍታ ነበር። ደወልንለት፣ መጥቶ ደገመው። በዓመቱ ያው ሆነ። ሁለተኛው ኮንትራክተር ደግሞ ገና ከበር ሳይገባ «መሠረቱ በሙሉ ካልተቆፈረ ቤቱ አናታችሁ ላይ ይወርዳል» ብሎ እናቴን አስለቀሳት።

ሦስተኛው ሽማግሌ ግንበኛ ናቸው። ስንጥቁን ከማየታቸው በፊት በጓሮ በኩል ዞሩና «ልጄ፣ የጣራችሁ ውሃ የት ነው የሚሄደው?» አሉኝ። እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቀን ሰው አልነበረም። አሸንዳው ተቀዶ ኖሯል። የክረምቱ ውሃ ሁሉ የሚወርደው እዚያው ጥግ ሥር ነው። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው የሚባለው ለካ ለቤትም ይሠራል።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያማክረኝ የምመልሰው አንድ ነው፦ ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ምክንያቱን የሚፈልግ ሰው ፈልጉ። እሱን ለመለየት ግን እናንተም ምልክቱን ትንሽ ማንበብ አለባችሁ።

ስንጥቁ በበጋ ይከፈታል፣ በክረምት ይገጥማል

ይህ የዋልካ አፈር ጠባይ ነው። ከአዘዞ ወደ ደንቢያ ሜዳ ሲወረድ ያለውን ጥቁር አፈር የሚያውቅ ያውቀዋል። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ መሬቱ ራሱ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ቤቱ በላዩ ተቀምጦ አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይወርዳል። ችግሩ እኩል አለመንቀሳቀሱ ነው። በቤቱ ዳር ያለው አፈር ቶሎ ይደርቃል፣ ከወለሉ ሥር ያለው ግን እርጥበቱን ይዞ ይቆያል።

ማንንም ከመጥራታችሁ በፊት ስንጥቁን ለኩት። በሁለቱም ጫፍ በእርሳስ ምልክት አድርጉና ቀኑን ጻፉ። መሐል ላይ ደግሞ ልስኑን ፍቃችሁ፣ ስንጥቁን የሚሻገር ጄሶ ለጥፉበት፣ እሱም ላይ ቀን ይጻፍበት። ጄሶው በወራት ውስጥ ከተሰበረ ቤቱ እየተንቀሳቀሰ ነው። ከ1 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ የፀጉር ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ የልስን ጉዳይ ነው። ከ5 ሚሊ ሜትር ካለፈ፣ ወይም በብሎኬቱ መጋጠሚያ ደረጃ ደረጃ እየሠራ ከወጣ፣ መሐንዲስ ይየው። የመሐንዲሱ ክፍያ ከኮንትራክተሩ ጋር የተያያዘ መሆን የለበትም። የሚያየውም የሚሠራውም አንድ ሰው ከሆነ ሁልጊዜ የሚቆፈር ነገር አይጠፋም።

መፍትሄው የሚጀምረው ከውሃው ነው። አሸንዳው ይጠገን፣ ውሃው በቱቦ ከቤቱ ይራቅ፣ የቤቱ ዙሪያ ቢያንስ አንድ ሜትር ወደ ውጭ በተዳፋ አርማታ ይልበስ። የሚያፈስ የውሃ መስመርና ከግድግዳው ጋር የተጠጋ የሽንት ቤት ጉድጓድም ይታይ። አጠገቡ ባህር ዛፍ ካለ ደግሞ እሱም ጥፋተኛ ነው፤ ሥሩ የአፈሩን ውሃ ይመጠዋል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ስንጥቁ ካላቆመ ብቻ መሠረቱን ወደ ጠንካራ መሬት ማውረድ ይመጣል። ልስን የመጨረሻው ነው።

«መጀመሪያ ውሃውን እንያዝና አንድ ዓመት እንየው» የሚላችሁ ኮንትራክተር የራሱን ገቢ እየቀነሰ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ሲገኝ ስልኩን መዝግባችሁ ያዙት።

አንዱ ጥግ ብቻ ሰመጠ፣ በሩም አልዘጋ አለ

ጎንደር በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መሐል ባለ ጉብታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሜዳ ቦታ ብርቅ ነው። ስለዚህ ቁልቁለቱን ከላይ ቆርጠን ታች እንሞላለን። ቤቱ ግማሽ ጎኑ አለት ላይ፣ ግማሹ ሙሌት ላይ ያርፋል። ሙሌቱ ይወርዳል፣ አለቱ አይወርድም። ስንጥቁ ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ብሎ ወደሰመጠው ጥግ ካዘነበለ ነገሩ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ መሠረት መቆፈር ግድ ሊሆን ይችላል። ግን በመጀመሪያ ከጥጉ አጠገብ አንድ የሙከራ ጉድጓድ ይውጣ። መሠረቱ ስንት ሜትር እንደወረደና ሥሩ ያለው ምን እንደሆነ ሳይታይ የተጠራ ዋጋ ግምት ነው።

ከዚያ ይህችን አንዲት ጥያቄ ጠይቁ፦ «በስንት በስንት ሜትር ነው የምትቆፍረው?» የሚያውቅ ሰው «አንድ አንድ ሜትር፣ እያዘለልኩ» ይላችኋል። አንዱን ቁራጭ ቆፍሮ በአርማታ ይሞላል፣ ይጠነክር ዘንድ ቀናት ይሰጠዋል፣ ከዚያ ወደማይነካካው ቁራጭ ይሄዳል። መሐንዲሶች አንደርፒኒንግ የሚሉት ይህንን ነው። «ሰው በዛ አድርጌ በሁለት ቀን ዳር እስከ ዳር እከፍተዋለሁ» ካለ ቡናውን ጠጥቶ ይሂድ። ግድግዳውን በአየር ላይ ሊያቆመው ነው።

ጎንደር ውስጥ ደግሞ የፋሲልን ግንብ የሠራው ቅድመ አያቴ ነው የማይል ግንበኛ የለም። ይሁንለት። ግንቡ በድንጋይና በኖራ ተሠርቶ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቆሟል። እናንተ የምትጠይቁት ግን ያምና ሥራውን ነው።

ወለሉ ሰመጠ፣ ግድግዳው ደህና ነው

ከወለሉ ሥር ያለው ሙሌት በደንብ አልተጠቀጠቀም። ወለሉ ይነሳል፣ ጥሩ አፈር በ20 ሴንቲ ሜትር ንጣፍ እየተጠቀጠቀ ይሞላል፣ ወለሉ እንደገና ይሠራል። ለዚህ መሠረት ይቆፈር የሚል ሰው ወይ ሥራውን አያውቅም ወይ በደንብ ያውቀዋል።

የግድግዳው እግር ይረጥባል፣ ነጭ ጨው ያወጣል

ይህም በአብዛኛው የመሠረት መናድ አይደለም። ውጭ ያለው አፈር ከወለሉ ከፍ ብሎ እንደሆነ እዩ። ዝቅ አድርጉት፣ ውሃ መውረጃ ቦይ አውጡ። ጭቃ ቤት ከሆነ ግን አትዘግዩ፤ እርጥበቱ እንጨቱን ከሥር ይበላዋል።

ሰውየው ይቸኩላል

አሁን ወደ ራሱ ወደ ኮንትራክተሩ። እሱም ምልክት አለው።

ፈቃዱን ሲጠየቅ «ሰው ይመሰክርልኛል» ካለ፣ ወይ ፈቃድ የለውም ወይ በሌላ ሰው ፈቃድ ነው የሚሠራው። ኮንትራክተር ደረጃ አለው፣ ቁጥሩ ሲያንስ አቅሙ ይበልጣል። ለአንድ ጥግ ጥገና ደረጃ 1 አያስፈልጋችሁም። ንግድ ፈቃድ በየዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ታህሳስ 30 ይታደሳልና የታደሰበትን ዓመት እዩ። ዋናው ግን ፈቃዱ ላይ ያለው ስም፣ መታወቂያው ላይ ያለው ስምና ውሉ ላይ የሚፈርመው ስም አንድ መሆኑ ነው። የሰፈር ግንበኛ ከሆነ ፈቃድ ላይኖረው ይችላል። የእኛም ሽማግሌ የላቸውም። ያኔ መሐንዲሱና ሥራውን ሄዶ ማየቱ የበለጠ ግድ ይላል።

ሥራ አሳየኝ ስትሉት ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያሳያል። አዲስ ልስን ፎቶ ላይ ሁሉም ያምራል። ቢያንስ ሁለት ክረምት ያለፈበትን ቤት ጠይቁ። ያለ እሱ ሂዱና ባለቤቱን «ገንዘቡን ከጨረሰ በኋላ ስትደውሉለት ያነሳ ነበር?» በሉ። ከዚህ የተሻለ ጥያቄ እስካሁን አላገኘሁም።

ግማሹን ቀብድ ከጠየቀ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ቀላል ነው፦ በእናንተ ብር የሌላውን ሥራ ይጨርሳል። ሦስት ቀን የጠፋ ኮንትራክተር አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሰፈር ነው ያለው። እኔ ቀብዱን ከ20 በመቶ አላሳልፍም። የቀረው በሥራው ልክ ይከፈላል። 10 በመቶውን ደግሞ ክረምቱ አልፎ ለመስቀል እሰጠዋለሁ። አንዱ ይህን ስነግረው «ወንድም ዓለም፣ አታምነኝም ማለት ነው?» አለኝ። «አንተን አምናለሁ፣ ክረምቱን ነው የማላምነው» አልኩት። ሳቀና ሄደ። አልተመለሰም።

በእጅ ዋጋ ከተዋዋላችሁና ዕቃውን የምትገዙት እናንተ ከሆናችሁ፣ ባዶ የሲሚንቶ ከረጢቶቹን አስቀምጡና ማታ ማታ ቁጠሩ። አርማታ ከመሞላቱ በፊት ፌሮውን በሜትር አስደግፋችሁ ፎቶ አንሱ። ከተሞላ በኋላ የሚታይ ነገር የለም። ቢያንስ 7 ቀን ውሃ ይጠጣ፤ ሙሉ ጥንካሬው በ28 ቀን ይቆጠራል።

ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ሁለት ምስክር ይፈርምበት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 3039 ኮንትራክተር ለሠራው ሥራ ጥንካሬ ካስረከበበት ቀን ጀምሮ 10 ዓመት ዋስ ነው ይላል፤ በመሬቱ ጠባይ ምክንያት የደረሰውን ጉዳትም ጨምሮ። ስለዚህ «አፈሩ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» የምትለዋ መሠረት ለሠራ ሰው ማምለጫ አትሆንም። ግን የተሠራው ምን እንደነበር ወረቀት ላይ ከሌለ ሕጉን ማን ላይ ትጠቅሱታላችሁ? ጥልቀቱ፣ ርዝመቱ፣ የፌሮው ውፍረት፣ የሚጀምርበትና የሚያስረክብበት ቀን ይጻፍ። «መሠረቱን ማደስ» ብሎ አንድ መስመር መጻፍ ውል አይባልም።

አንድ ነገር ደግሞ፦ በሐምሌ መሠረት ለመክፈት እሺ ያለ ሰው ካጋጠማችሁ ተዉት። ጉድጓዱ ኩሬ ይሆናል፣ ግድግዳውም ይከተለዋል። ሥራው ከጥቅምት ወዲህ ነው።

የእኛ ቤት አሸንዳው ተቀየረ፣ ዙሪያው ለበሰ። አንድ ጥግ ግን ጄሶው ተሰበረብንና ሁለት ቁራጭ መቆፈር ግድ ሆነ። በሌሎቹ ላይ የጻፍነው ቀን አሁንም ሳይሰነጠቅ ይነበባል። እናቴ እንግዳ ሲመጣ ታፍራለች፣ ይለሰንልኝ ትላለች። ሽማግሌውን ጠየቅኳቸው፤ «አንድ በጋ ይለፈው» ብለዋል።