«ታይፎይድ ወጣብኝ» ከማለታችን በፊት፦ በፈጣን ምርመራ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ የሄደ ሰው «ታይፎይድና ታይፈስ ወጣብኝ» ብሎ ቢመለስ ማንም አይገረምም። ሁለቱ በሽታዎች እንዴት ይህን ያህል አብረው ይመጣሉ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ምርመራው ምን እንደሚፈልግ አለማወቅ ነው። የታይፎይዱ ዊዳል እንደ ፈረንጆቹ ከ1896 ጀምሮ ያለ ምርመራ ነው። ባክቴሪያውን ራሱን አያይም። የሚያየው ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል ያመረተውን አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲ ደግሞ ሕመሙ ካለፈ በኋላም ደም ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ድሮ የታመመ ወይም የተከተበ ሰው ዛሬ በሌላ ምክንያት ቢያተኩሰውም ፖዘቲቭ ሊባል ይችላል። ወባም ውጤቱን ያሳስታል። ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ የተመለሰ ሰው ወባ ሳይመረመር የታይፎይድ መድኃኒት ቢጀምር አደጋ ነው። ወረቀቱ ላይ 1:80 ወይም 1:160 የሚል ቁጥር (ደሙ ስንት እጥፍ ቀጥኖም አንቲቦዲው እንደታየ የሚናገር) ማየትም ብቻውን ብዙ አይናገርም። ከ10 እስከ 14 ቀን ቆይቶ ተደግሞ 4 እጥፍ ከጨመረ ያኔ ክብደት ይኖረዋል። የተሻለው የደም ካልቸር ነው፣ ማለትም ደሙ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ ላብራቶሪ ውስጥ አሳድጎ ማየት፤ ቀናት ይፈጃል።

ቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን ውጦ መመርመርስ? የካልቸሩን ነገር ያበላሸዋል። ደሙ ከመድኃኒት በፊት ይወሰድ።

ሦስተኛው የጨጓራ ባክቴሪያ ነገር ነው። የኤች ፓይሎሪ መድኃኒት ጨርሶ በደም ምርመራ «አሁንም አለብህ» ሲባል ያን ሁሉ ክኒን እንደ አዲስ የሚጀምር አለ። ያሳዝናል። ባክቴሪያው ጠፍቶም አንቲቦዲው ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል። መዳንን ለማረጋገጥ የሰገራ አንቲጂን ምርመራ ይሻላል፤ እዚህ አንቲቦዲው ያለው ኪቱ (መመርመሪያው) ላይ ነው፣ የሚይዘውም የባክቴሪያውን አካል ነው። መድኃኒቱ ካለቀ ቢያንስ 4 ሳምንት ይጠበቅ። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞልም ሐኪም አማክሮ ከ2 ሳምንት በፊት ይቁም፤ አለዚያ ባክቴሪያው እያለ ኔጌቲቭ ሊወጣ ይችላል።

ባለሙያዎችም አይቅሩ። ፈጣን መመርመሪያው ላይ ሲ (C) የሚለው የመቆጣጠሪያ መስመር ካልወጣ ምርመራው አልሠራም ማለት ነው፣ ኔጌቲቭ አይባልም። ከተጻፈው ደቂቃ አልፎ የታየ ደብዛዛ መስመርም አይታመንም። ብዙዎቹ ኪቶች ከ30 ዲግሪ በላይ መቀመጥ የለባቸውም፤ ጎንደር ከተማ ላይ ብዙ አያስቸግርም፣ ቆላ ሲወርዱ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

በመጨረሻ ኮሌራ። ፈጣን ምርመራው ወረርሽኝ መኖሩን ቶሎ ለመጠርጠር ይረዳል፣ ማረጋገጫው ግን ካልቸር ወይም ፒሲአር (የባክቴሪያውን ዘረመል የሚፈልግ የላብራቶሪ ምርመራ) ነው። በሽተኛው ውጤት መጠበቅ የለበትም። ኦአርኤሱን አሁኑኑ ይጠጣ፣ ቶሎም ጤና ተቋም ይወሰድ።