የኦስትሪያ ፈረሰኛ ጎራዴ ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባውን እዩ

ቪየና ናሽማርክት የቅዳሜውን የአሮጌ ዕቃ ገበያ የምታዘወትሩ፣ አንድ ነገር ልጠቁማችሁ። ሻጩ «ይሄ የደማስቆ ብረት ነው» ካላችሁ ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት ጎራዴውን አዙሩትና የጀርባውን ጠርዝ ተመልከቱ።

እውነተኛው የደማስቆ ስለት የብረትና የአረብ ብረት ንብርብር በእሳት ተደራርቦ፣ ተጠማዞ የተቀጠቀጠ ነው። መስመሮቹ ብረቱ ውስጥ ስላሉ ከጎን ተነስተው ጀርባውን ያቋርጣሉ፤ ሸለቆው (በስለቱ ጎን በርዝመቱ የሚሄደው ቦይ) ውስጥም ይገባሉ። ሁለት ቦታ አንድ ዓይነት አይሆኑም። አስመሳዩ ግን ንድፉ በአሲድ ላይ ላዩን ብቻ የተቀረጸ ነው። ብዙ ጊዜ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ ያው ቅርጽ ይደጋገማል፣ እጅ የበዛበት ቦታ ላይም ይጠፋል። ማጉያ መነጽር ያዙ፤ መብራቱን ከጎን አድርጉ።

የፈረሰኛ መሆኑን እጀታው ይነግራችኋል። የ1861 እ.ኤ.አ. የእግረኛ መኮንን ጎራዴ የእጅ መከላከያ ጠባብ ነው፤ የፈረሰኛው ግን ሰፋ ብሎ እጅን ይሸፍናል። መኮንኖች ጎራዴያቸውን በገንዘባቸው ያሠሩ ስለነበር የደማስቆ ስለት የኪስ ጉዳይ ነበር። ስለቱ ላይ የንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍ ስም ምልክት ካለ ዘመኑ በ1848 እና በ1916 እ.ኤ.አ. መካከል ነው።

በእናታችሁ፣ ንድፉ ደብዝዟል ብላችሁ በአሸዋ ወረቀት እንዳትፈትጉት! ቀለል ያለ ዘይትና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል።