አፍ ቶሎ ቶሎ ሲቆስል የምንሠራቸው ስህተቶች

ቀኝ ጉንጬ ውስጥ በየወሩ የሚወጣ ቁስል ነበረኝ። አልጫ እንኳ ያቃጥለኝ ነበር። ጨው ነሰነስኩበት፤ ሎሚ አሸሁበት። ይድንና ተመልሶ እዚያው ይወጣል። በኋላ የጥርስ ሐኪሟ ትንሿን መስታወት አስገብታ አየችና «እስቲ ይቺን በምላስሽ ንኪያት» አለችኝ። ጫፉ የተሸረፈ መንጋጋ ጥርስ! ሞረደችው። ከዚያ ወዲህ እዚያ ቦታ ቁስል አልወጣም።

አንዱ ስህተት ይሄ ነው፤ ቁስሉን እያከሙ ቦታውን ልብ አለማለት። ሁሌ አንድ ቦታ ከሆነ የተሸረፈ ጥርስ፣ በደንብ የማይገጥም ሰው ሠራሽ ጥርስ ወይም ጉንጭ የመንከስ ልማድ ይኖር እንደሆነ ይታይ።

ሁሉንም «ምች ነው» ማለትም ያሳስታል። ከንፈር ጠርዝ ላይ ውሃ ቋጥሮ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከሄርፐስ ቫይረስ ነው። ፀሐይ፣ ጉንፋንና ድካም ይቀሰቅሱታል፤ ይተላለፋልም። እባካችሁ፣ እሱ የወጣበት ሰው ጨቅላ ሕፃን አይሳም። አፍ ውስጥ የሚወጣው፣ መሃሉ ነጣ ብሎ ዙሪያው የቀላው ክብ ቁስል ግን አይተላለፍም። ብዙ ጊዜ በ1 ወይም በ2 ሳምንት ራሱ ይድናል።

ቁስሉ ላይ አረቄ ወይም የተፈጨ አስፕሪን ማድረግ ደግሞ በቁስል ላይ ቁስል ነው፤ አስፕሪን ሥጋውን ይልጠዋል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጦ መጉመጥመጥና መትፋት ይሻላል። ባክቴሪያ የሚገድለውን አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥም አይጠቅምም። ጭራሽ አፍ ውስጥ ፈንገስ እንዲራባ መንገድ ይከፍታል።

ብዙዎቻችን የምንረሳው ደማችንን ነው። የአይረን (የብረት ማዕድን)፣ የፎሌት (ቫይታሚን ቢ9) እና የቫይታሚን ቢ12 እጥረት አፍን ደጋግሞ ያቆስላል። ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው። ጾም ይቅር ማለቴ አይደለም። ጉበት ቢ12 ለዓመታት ስለሚያከማች የ55 ቀን ሁዳዴ ብቻውን አያራቁተውም። በፍስክም እነዚህን እምብዛም የማይቀምስ ሰው ግን ይመርመር። የወር አበባ የሚበዛባት ሴት ደግሞ አይረኗን ትታይ። ምግብ እንደበሉ ወዲያው ሻይ ወይም ቡና መጠጣትም አይረን በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል። ቫይታሚን ከመግዛት በፊት የደም ምርመራው ይቅደም።

የጥርስ ሳሙናም አለ። አረፋ የሚያበዛው ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት አንዳንዱን ሰው ያቆስለዋል። የሌለበትን ለጥቂት ወራት መሞከር ነው።

ከሁሉ የማልወደው ስህተት «አያመኝም» ብሎ መተው ነው። የአፍ ካንሰር ሲጀምር ላያም ይችላል። ከ3 ሳምንት ያለፈ ቁስል፣ በተለይ ለሚያጨስ ወይም ብዙ አልኮል ለሚጠጣ ሰው፣ ሳይውል ሳያድር ይታይ። ከቁስሉ ጋር ዓይን ከቀላ፣ ብልት አካባቢ ከቆሰለ፣ ተቅማጥ ካልለቀቀ ወይም ክብደት ከቀነሰ ምክንያቱ አፍ ውስጥ ብቻ ላይሆን ይችላል። ሐኪም ጋ ሲሄዱ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዘው ይሂዱ። ለመገጣጠሚያ ብግነት እንደሚሰጠው ሜቶትሬክሴት ያሉ መድኃኒቶች አፍ ያቆስላሉና።