ዳማዬ እጄን መልሶ አመነ
ፈረሴን ዳማዬን ሆድ ቁርጠት ያዘው። መሬቱን በሰኮናው ይጭራል፣ ዞሮ ጎኑን ያያል፣ ይንከባለላል። መኖውን አነሳሁ። የእንስሳት ሐኪሙ ማስታገሻ ወግቶ፣ በአፍንጫው ቱቦ አስገብቶ ፈሳሽ ፓራፊን (አንጀት የሚያለሰልስ የመድኃኒት ዘይት) ሰጠው። ሌሊት ፋንድያ ሲጥል እልል ልል ምንም አልቀረኝ!

ከዚያ ወዲህ ግን አፍንጫውን ጭራሽ አላስነካ አለ። ሳስገድደው ባሰበት። ስለዚህ ልጓሙን ሰቅዬ ጠዋትና ማታ ከጋጣው ደጃፍ ዝም ብዬ መቀመጥ ጀመርኩ፤ አልጠራውም፣ ትክ ብዬም አላየውም። በ5ኛው ቀን ራሱ መጥቶ ትከሻዬን አሸተተ። መጀመሪያ አንገቱን፣ ቀጥሎ ጉንጩን አሻሸሁ፤ ጆሮውን ወደ ኋላ ለጠፍ ሲያደርግ ወዲያው እጄን አነሳለሁ። ዋናው እሱ ነው። አሁን አፍንጫውን መዳፌ ላይ አሳርፎ ሣር ይበላል። ገብሱንም በአንዴ ማፍሰስ ትቼ ከፋፍዬ እሰጠዋለሁ።