የውጭ ትምህርት ልውውጥ፦ ከድሬና ከሐረር የሚነሱ ተማሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደንገጎን ወጥታችሁ ወደ ሐረር ስትጓዙ ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲን ታገኛላችሁ። ተቋሙ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ የእርሻ ኮሌጅ ሆኖ ሲጀምር ብዙዎቹ መምህራን የመጡት ከኦክላሆማ ነበር። ከእኛም ወጣቶች ወደ ኦክላሆማ እየሄዱ ተማሩ፤ ተመልሰውም ማስተማሩን ተረከቡ። የአሜሪካኖቹ ውል እ.ኤ.አ. በ1968 ሲያበቃ ኮሌጁ በኢትዮጵያውያን እጅ ቀጠለ። ልውውጥ የሚጠቅመው እንዲህ ሲሆን ነው። የሄደው ብቻ ሳይሆን እዚህ የቀረውም ይማርበታል።

ዛሬ ድሬ ላይ ስለ ውጭ ትምህርት ሲወራ ጨዋታው «እገሌ ሄደ» ላይ ያልቃል። እገሌ መሄዱ ማንን ጠቀመ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ዕድሉን የሚያበላሹት ስህተቶች አብዛኞቹ ደግሞ ገና አውሮፕላን ሳይሳፈሩ የሚሠሩ ናቸው።

ልውውጥን ከስደት ጋር ማደባለቅ

ልውውጥ ላይ ያለ ተማሪ እዚህ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ እንደተመዘገበ ነው። አንድ ሴሚስተር ወይም አንድ ዓመት ውጭ ይማራል፣ ተመልሶ እዚሁ ይመረቃል። ቤተሰብ ግን «ከሄድክ አይቀር እዚያው ቅር» ይላል። ምክሩ የመጣው ከፍቅርና ከኑሮ ጭንቀት መሆኑ ይገባኛል። ነገር ግን በቪዛ ቃለ መጠይቅ «ስትጨርስ ምን ታደርጋለህ?» ሲባል አፉ የሚያያዘው ልጅ ይህንኑ ምክር ይዞ የሄደ ነው። ሄዶ የቀረ እንደሆነ ደግሞ ዋጋውን የሚከፍለው ከእሱ በኋላ የሚያመለክተው ነው። ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ በሚቀጥለው ዙር ስምምነቱን ላያድስ ይችላል። ፉልብራይት በሚባለው የአሜሪካ መንግሥት ስኮላርሺፕ ለሄዱ ሰዎች ነገሩ ሕግም አለው፤ በመርህ ደረጃ 2 ዓመት አገራቸው ሳይቆዩ የአሜሪካ ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ማግኘት አይችሉም።

የማይመለከታችሁን በር ማንኳኳት

ይሄኛው ብዙ ሰው ያደክማል። ኢራስመስ የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የትምህርት ፕሮግራም ስሙ ሲሰማ ሁሉም ኢንተርኔት ካፌ ገብቶ ቅጽ ፍለጋ ይጀምራል። በዚህ ስም የሚታወቁ ሁለት የተለያዩ መንገዶች አሉ። የአጭር ጊዜው ልውውጥ የሚሠራው በሁለት ዩኒቨርሲቲዎች መካከል ስምምነት ሲኖር ነው። ተማሪው በግሉ አውሮፓ ድረስ አያመለክትም፤ የሚመርጠው የራሱ ዩኒቨርሲቲ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት የዩኒቨርሲቲውን የዓለም አቀፍ ግንኙነት ቢሮ ነው፦ «የእኛ ትምህርት ክፍል ከየትኛው ተቋም ጋር ስምምነት አለው? እስከ መቼ?»

ኢራስመስ ሙንዱስ ግን ሙሉ የማስተርስ ትምህርት ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ወይም በመጨረሻ ዓመት ላይ ያለ ሰው ራሱ በቀጥታ ያመለክታል። ስኮላርሺፑን ያገኘ ተማሪ የትምህርት ክፍያ የለበትም፣ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጠዋል። ማመልከቻው አብዛኛውን ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ክፍት ነው። «ክረምት ሲሆን አያለሁ» ያለ ሰው ዓመቱ አለፈው ማለት ነው።

«ይሄ የአዲስ አበባ ልጆች ነገር ነው» ብሎ መተው

ርቀቱ የሚጎዳን መሆኑ እውነት ነው። ኤምባሲዎቹ አዲስ አበባ ናቸው፣ አይኤልትስ የሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናም እዚያ ነው። ሆኖም ብዙ ፕሮግራሞች ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሰጠቱን የሚገልጽ የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ይቀበላሉ። ይህን ሳያጣሩ ለፈተና፣ ለትራንስፖርትና ለአልጋ ብር ማውጣት ያሳዝናል። መጀመሪያ መስፈርቱን አንብቡ።

ስለ ሴት ልጆች አንድ ነገር ልበል። ሳቢያን ሆነ ገንደ ቆሬ፣ ጁገል ሆነ ሸንኮር፣ ማስታወቂያውን አይታ «ቤት አይፈቅዱልኝም» ብላ ለማንም ሳትናገር የምትተወው ልጅ ብዙ ናት። ለብዙ ወላጅ ለሙሉ ዲግሪ እሺ ከማለት ለአንድ ሴሚስተር እሺ ማለት ይቀላል። አባትን ወይም ታላቅ ወንድምን ቢሮው ድረስ ይዞ ሄዶ የማደሪያውንና የመመለሻውን ነገር ከኃላፊው አፍ ማሰማት ብዙ ጭንቀት ያቃልላል። ቢሮዎቹም እንዲህ ያለውን ወላጅ አረጋግተው ቢያነጋግሩ ደስ ይለኛል።

ለደላላ መክፈል

በአጭሩ፦ ለፉልብራይት፣ ለኢራስመስ ሙንዱስ ስኮላርሺፕና ለጀርመኑ ዳአድ ስኮላርሺፕ ለማመልከት ገንዘብ አይከፈልም። «ውስጥ ሰው አለኝ» የሚላችሁን ሰው አቦ ተዉት። የሚከፈለው ለፓስፖርት፣ ለትርጉም፣ ለሰነድ ማረጋገጫና ለቪዛ ነው፤ እሱንም ለየቢሮው ራሳችሁ ክፈሉ።

ስም፣ ቀንና ሰዓት

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ጎበዝ ተማሪዎች የሚወድቁት እዚህ ነው።

አብዱራህማን የሚለው ስም በላቲን ፊደል በብዙ ዓይነት ይጻፋል። በትራንስክሪፕቱ አንድ ዓይነት፣ በልደት የምስክር ወረቀቱ ሌላ፣ በፓስፖርቱ ሦስተኛ ከሆነ ውጭ ያለው መዝጋቢ ሦስት ሰው ነው የሚያየው። መሐመድም እንዲሁ፤ ትምህርት ቤት በአጭሩ ተጽፎ ፓስፖርት ላይ ሙሉ ሆኖ ይመጣል። የቤተሰብ ስም በሚለው ሳጥን ውስጥ አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ይሞላል። መፍትሔው ፓስፖርቱን ቀድሞ ማውጣትና ሁሉን ነገር በእሱ አጻጻፍ መሙላት ነው። ትራንስክሪፕቱ ከተለየ ሬጅስትራር ሄዳችሁ ከማመልከቻ ጊዜ በፊት አስተካክሉ። በመጨረሻው ሳምንት የሚስተካከል ነገር አይደለም።

ቀኑ ደግሞ አለ። ጥር 10 ቀን 1995 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በእነሱ አቆጣጠር ጃንዋሪ 18 ቀን 2003 ነው የተወለደው። ሳይቀይር 1995 ብሎ ከሞላ 8 ዓመት አረጀ። በ2016 ዓ.ም. ሰኔ የተመረቀ ሰው እንዳለ ከጻፈው ከተመረቀ ብዙ ዓመት ያለፈው ይመስላል፤ አንዳንድ ስኮላርሺፕ ደግሞ ከተመረቁ ብዙ ዓመት ያለፋቸውን አይቀበልም።

ሰዓቱም ያሳስታል። የማመልከቻው ማብቂያ በብራስልስ ሰዓት እኩለ ቀን 12:00 ከተባለ፣ በጥር ወር እኛ ጋ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። የምሽት 12 የመሰለው ልጅ ሲገባ ድረ ገጹ ከተዘጋ አራት ሰዓት ሆኖታል። መብራትና ኔትወርክ መቼ እንደሚጠፋ ስለማይታወቅ ሁለት ቀን ቀድማችሁ ላኩ።

ኮርሱ ሳይፈረም መነሳት

ከመሄዳችሁ በፊት የትኞቹን ኮርሶች እንደምትወስዱና እዚህ በየትኞቹ እንደሚያዙላችሁ የሚገልጽ ስምምነት በጽሑፍ መኖር አለበት። ተማሪው፣ ላኪውና ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ይፈርሙበታል። በአውሮፓ አንድ ሴሚስተር በተለምዶ 30 ኢሲቲኤስ (የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች የኮርስ ክሬዲት መለኪያ) ነው። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ በቃል «አታስብ፣ እናይልሃለን» ቢል አይበቃም፤ ስትመለሱ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ሊኖር ይችላል። ይህ ሳይሠራ የሄደ ተማሪ ተመልሶ ያንኑ ኮርስ እንደ አዲስ ይወስዳል፣ ጓደኞቹም ቀድመውት ይመረቃሉ።

የመጀመሪያውን ወር ብር መርሳት

ድጋፉ ብዙ ጊዜ የሚገባው እዚያ ደርሳችሁ የባንክ ሒሳብ ከተከፈተ በኋላ ነው። እስከዚያ የቤት ማስያዣ፣ የምግብና የትራንስፖርት ወጪ አለ። አቅም ያለው ቤተሰብ ይሸፍናል፤ የሌለው ልጅ ዕድሉን ይመልሳል። ስለዚህ ልውውጡ የሚጠቅመው ቀድሞም ለነበረው ነው የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከመፈረማችሁ በፊት የመጀመሪያው ክፍያ መቼና እንዴት እንደሚገባ ጠይቁ። ቲኬቱን ራሱ ፕሮግራሙ ይቆርጥ እንደሆነም ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

ተመልሶ ዝም ማለት

ይህ የተማሪው ብቻ ሳይሆን የትምህርት ክፍሉም ስህተት ነው። ልጁ ይመለሳል፣ ፎቶ ያሳያል፣ በቃ። ማንም የሚጠይቀው የለም። ይዞት የመጣው የኮርስ ዝርዝር፣ የላብራቶሪ መመሪያ፣ የመምህሩ አድራሻ ስልኩ ውስጥ ይቀራል።

ትምህርት ክፍሉ የተመለሰ ተማሪ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር የሚቀመጥበት አንድ ከሰዓት ይስጠው። የማጣቀሻዎቹን ዝርዝርና የላብራቶሪ መመሪያውን ለመምህራን ያስረክብ። ለቀጣዩ አመልካች ደግሞ ሁለት ገጽ ይጻፍ፦ የቪዛ ቀጠሮ ስንት ጊዜ ፈጀ፣ የትኛው ሰነድ ተመለሰ፣ ብሩ መቼ ገባ፣ ማደሪያ እንዴት ተገኘ። ወረቀቱ ቢሮው ውስጥ ተቆልፎ እንዳይቀር፤ የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይና በተማሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለጠፍ።